ሞልተህ መልስ

መኪናዋ ለአራተኛ ጊዜ ጋራዡ የገባችው ረቡዕ ጠዋት ነው። መካኒኩ ኮፈኗን ከፍቶ፣ ከሥሯ ተንጋሎ ገብቶ፣ በባትሪ እያንዳንዱን ጥግ ፈትሾ ሲወጣ ፊቱን ያየ ሰው መኪናዋ የሰደበችው ይመስለዋል። ደረቅ ናት። አንዲት ጠብታ እንኳ የለባትም። ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ሰማያዊ ቀለሟ ጣሪያዋ ላይ የነጣ አሮጊት፣ እሱ ጋ ስትመጣ እንግዳ ፊት እንዳለ ጨዋ ልጅ ጭምት ብላ ትቆማለች፤ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ግቢውን በዘይት ታጥበዋለች።

የሰፈሩ ሰው ይህን መካኒክ «ጆሮ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚያዳምጥ ነው። በዚህ ዘዴ ያላገኘው በሽታ የለም ይባላል። የሚባለውን እሱ ራሱ ማመን ከጀመረ ቆይቷል፤ ጣጣውም እዚያ ላይ ነው። የሚንኳኳ ነገር ይሰማል፣ የሚፋጭ ነገር ይሰማል፤ የሚያንጠባጥብ ዘይት ግን ድምፅ የለውም። መጀመሪያ የሞተሩን የላይ ክዳን ማሸጊያ ጋስኬት ቀየረ። ቀጥሎ ከሥር ያለውን የዘይት ማጠራቀሚያ አውርዶ እንደ አዲስ አሸገው። በሦስተኛው የማፍሰሻውን ቡሎን ከነቀለበቱ ለወጠ። ሦስቱንም ጊዜ «በቃ፣ አትመለስም» ብሎ ሸኛት፤ ሦስቱንም ጊዜ ተመለሰች። «አላገኘሁትም» ማለት ለሌላው ሰው ቀላል ነው፤ ለጆሮ ግን ጉሮሮ ላይ እንደቆመ አጥንት ነበር።

መኪናዋን ያመጣት ከባለቤቶቿ ከሁለቱ ወንድማማቾች ታናሹ ነው፤ ቁልፉን ሰጥቶ ወደ ሥራው ሄደ። አብረውት የመጡት እናቱ ግን ቀሩ። ባላቸው ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሹፌር ነበሩ፤ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጆሮ ይህችን መኪና ከእኚሁ ሹፌር ጋር እየተጨቃጨቀ ነው ያስረጃት፤ ስለዚህ እናትየው እንደ ደንበኛ አይግደረደሩም፤ ከተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች አንዱ ላይ ሻርፓቸውን ጣል አድርገው ተቀመጡበት። ይኸው ታናሹ ልጃቸው ገዢ ማግኘቱን ነገሩት። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልዳነች ትሸጥ ብሏል። ታላቁስ ምን አለ ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ዝም ነው ያለው፣ ዝምታው እሺ ይሁን እምቢ እኔም የወለድኩት አላውቅም አሉ።

ጆሮ ደክሞት ነበርና መሸጧ ሳይሻል አይቀርም የሚል ነገር አጉተመተመ። እናትየው ቀና ብለው አዩት።

«ስማኝ» አሉት። «እኔንስ ይጠይቁኛል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። እርስ በርሳቸው የቀረቻቸው ይቺ ቁልፍ ብቻ ናት። አንዱ ሚስማር ላይ ሰቅሏት ይሄዳል፣ ሌላው ከዚያው ሚስማር ያወርዳታል። እሷ ከሄደች የሚያገናኛቸው የእኔ ቀብር ነው።»

ይህን ሲሉ አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ለጆሮ ይሻለው ነበር፤ ለሚያለቅስ ሰው መሐረብ ይሰጣል፣ እንዲህ ላለ ሰው ግን ምን ይሰጣል? ኮፈኑን ያለምክንያት ዘግቶ እንደገና ከፈተው።

የወንድማማቾቹን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ታላቅየው አናጢ ነው፣ ታናሽየው ፋርማሲስት። አባታቸው ድንገት የወደቁ ቀን መኪናዋ ከታላቁ ጋር ነበረች፤ ከከተማው ዳር ላለ አዲስ ቤት በር ሊገጥም ይዟት ሄዷል። ተደውሎለት ቶሎ አልደረሰም። በመጨረሻ ጎረቤት ታክሲ ለምኖ አባትየውን ሐኪም ቤት አደረሳቸው፤ ሐኪሞቹ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ቢሆን አሉ። ሐኪሞች ይህን ባይሉ ምናለ! ታናሹ በለቅሶው መሃል፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ወንድሙ ፊት ቆሞ «መኪናዋ አንተ ጋ ነበረች» አለው። ታላቁ አልመለሰም። ከዚያች ቀን ወዲህ ሆድና ጀርባ ናቸው። መኪናዋን ግን ማናቸውም ለሌላው አልለቀቁም፤ በሳምንት በሳምንት ይፈራረቁባታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በእናታቸው ግቢ ትተላለፋለች።

ሟቹ ሹፌር ለልጆቻቸው ያወረሱት ሌላም ነገር ነበር፣ ሕግ። አንድ አውቶቡስ ከሌላ ሹፌር ጋር በፈረቃ ሲነዱ ኖረዋልና ሕጉ ከዚያ የመጣ ነው፦ መኪና ስትመልስ ሞልተህ መልስ፣ ስትረከብ አይተህ ተረከብ። ነዳጅም፣ ዘይትም፣ ውሃም። ጎዶሎ መኪና የሚመልስ ሰው ሰላምታውም ጎዶሎ ነው ይሉ ነበር። ልጆቻቸው ፊደል ሳይቆጥሩ ይህን ሕግ ቆጥረዋል።

ጆሮ በዚያ ረቡዕ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ የጀማሪ ሥራ ሠራ። ሞተሩን ላይ ታች አጥቦ አደረቀው፤ ከዚያ የሕፃን ፓውደር ገዝቶ፣ በወንፊት እየነፋ፣ ሞተሩን እንደ ዳቦ ሊጥ አነጣው። ዘይት ከየትም ቢወጣ ነጩ ላይ መንገዱን ይጽፋል። ለእናትየው ደግሞ በገመድ የታሰረ የካርቶን ክምር ሰጣቸው። ከአርብ ጀምረው ማታ ማታ አንድ ካርቶን ከሞተሩ ሥር እንዲያነጥፉ፣ ጠዋት አንስተው ቀኑንና የነዳውን ልጅ እንዲጽፉበት ነገራቸው። ዘይት የነካው ቀንም ያልነካው ቀንም እኩል ይጻፍ አላቸው። ልጆቹ የሚኖሩት እዚያው መንደር ግራና ቀኝ ነው፤ ለመኪና የሚሆን ግቢ ያለው የእናታቸው ቤት ብቻ ስለሆነ መኪናዋ የማንም ሳምንት ቢሆን የምታድረው እዚያ ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የእናትየው ካርቶንም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ፣ አርብ ቀን፣ ሃያ አንድ ካርቶን በታክሲ ጭነው መጡ። ጆሮ የጋራዡን ወለል ጠርጎ በሦስት ረድፍ ሰባት ሰባት አድርጎ ደረደራቸውና ቆሞ ተመለከታቸው። የእርሳስ ጽሑፋቸው ጎላ ያለ ነው፤ «ትልቁ»፣ «ትንሹ» ይላል። በሦስቱም ረድፍ ከቅዳሜ ሌሊት እስከ ሰኞ ሌሊት ሰሃን የሚያህል የዘይት ክብ አለ። ማክሰኞ ክቡ ወደ ሳንቲም ያንሳል። ከረቡዕ እስከ አርብ ካርቶኑ ከሱቅ እንደወጣ ንጹሕ ነው። በታላቁም ሳምንት በታናሹም ሳምንት ያው ነው።

ረቡዕ! ጆሮ በራሱ ሳቀ። ሰኞና ማክሰኞ ጋራዡ ስለሚጨናነቅ አራቱንም ጊዜ «ረቡዕ አምጧት» ያለው እሱ ራሱ ነው። በሽተኛዋን የሚያየው ሁልጊዜ ከዳነች በኋላ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ይህን ነው እንግዲህ።

ፓውደሩም በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ለምርመራ ብቅ ስትል፣ ቃሉን ሰጥቶ ነበር፤ ግን ቃሉ ለጆሮ አልገባውም። ዘይቱ የወጣው ከአንድ ቦታ አይደለም። ከሞተሩ ጀርባ ትንሽ፣ ከላይ ክዳኑ ዙሪያ ትንሽ፣ ከመተንፈሻው ቱቦ አፍ ደህና አድርጎ። ቁስል ቢሆን አንድ ቦታ ይደማል፤ ይህ ግን ላብ ነው። ከውስጥ የሚገፋ ነገር አለ ማለት ነው። እንዲህ የሚያደርጋት፣ ሞተሩ ካልደከመ በቀር፣ ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት ነው፤ ሞተሩ አልደከመም፣ መለኪያውን ዘንግ ቢመዘው ደግሞ ልኩ ላይ ነው። ሁለቱንም ልጆች በየተራ ደውሎ አብዝታችሁ ትሞላላችሁ ወይ ብሎ ጠይቋቸዋል። ሁለቱም፣ አንዳቸው የሌላውን መልስ የሰሙ ይመስል፣ የጎደለውን ብቻ ነው የምጨምረው አሉት። አልዋሹም። እናትየውን መጠየቅ ግን ማንም አላሰበም።

ስለዚህ በነጋታው ቅዳሜ ጆሮ ጋራዡን ዘግቶ፣ የግቢውን በር ማጠፊያ ሊሠራ የመጣ መስሎ፣ እናትየው ግቢ ገባ። የወሩ መጨረሻ ማክሰኞ ነው። የመጣው ለምን እንደሆነ ለእናትየው ነግሯቸዋል፤ እሳቸውም ልጆቹ እንዳይጠራጠሩ ብለው መዶሻ ሰጥተውት በሩ አጠገብ ካለው የውሃ በርሜል ጀርባ አስቀምጠውታል። ግቢው ወደ ቤቱ ከፍ የሚል ተዳፋት ነው፤ መኪናዋ ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ ላይ፣ ጅራቷን ወደ በሩ አድርጋ ነው የምትቆመው። ከበሩ ሥር ብቻ አንድ ሜዳ የሲሚንቶ ወለል አለ።

አራት ሰዓት ላይ ታላቁ ደረሰ። አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ወዲያው ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩ ገና እየተንጫጫ ዘንጉን መዘዘ፣ በጨርቅ ጠርጎ መልሶ ከተተ፣ እንደገና መዘዘ፣ አየውና ራሱን ነቀነቀ። ከሾፌሩ ወንበር ሥር ጠርሙስ አውጥቶ ግማሽ ሊትር የሚሆን አፈሰሰ። ጆሮ ከበርሜሉ ጀርባ አፉን ሊከፍት ምንም አልቀረው፤ ገና እንደጠፋ ሞተር ላይ ዘይቱ ወደ ላይ ተሰራጭቶ ነው የሚገኘው፣ ሳይወርድ የለካው ሰው ሁልጊዜ ጎደለ ይላል። ግን ሞተር ሲያዳምጥ አቋርጦ አያውቅም፣ አሁንም አላቋረጠም። ታላቁ መስታወቷን ወለወለ፣ የበሯን እጀታ ሳይቀር ወለወለ፣ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀለ፣ እናቱን ጉንጫቸውን ስሞ ወጣ። የሚመልሳት መኪና ናት ወይስ የሚያገባት ሙሽራ ለማለት የሚያስቸግር አያያዝ ነበር።

በሩ ከመዘጋቱ እናትየው ከቤት ብቅ አሉ። በአንድ እጃቸው የዘይት ጠርሙስ፣ በሌላው የወጥ ቤት ማጥለያ ይዘዋል። አበባ የሚያጠጡ ያህል ረጋ ብለው፣ ጆሮ እያያቸው፣ የሞተሩን አፍ ከፍተው አንድ ትልቅ ኩባያ የሚሆን አንቆረቆሩ።

ጆሮ መዶሻውን አስቀምጦ ተነሣና ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቃቸው። እናትየው ገረማቸው። ትንሹ ሲመጣ ጎድሎ ካገኘው ወንድሙን በሆዱ ይረግማል፣ ስለዚህ በየሳምንቱ ማንም ሳያይ ትንሽ ጠብ ያደርጋሉ፤ የትልቁም ተራ ሲሆን እንዲሁ። በዘንጉ ለክተው እንደሆነ ቢጠይቃቸው፣ ሃምሳ ዓመት ድስት ላይ ውሃ ሲያፈሱ ማን ዘንግ ሰጥቷቸው ያውቃል? እናትየው ማጥለያውን ይዘው ገቡ።

አምስት ሰዓት ላይ ታናሹ መጣ። ቁልፉን አወረደ፣ ግን አልተሳፈረም፤ አይተህ ተረከብ ነውና ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩ በርዷል፣ መኪናዋ ግን ሽቅብ እንደቆመች ናት፤ ዘይቱ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ መለኪያው ደግሞ ከፊት ነው። ፋርማሲስቱ ዘንጉን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ መድኃኒት እንደሚለካ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አነበበ። ከንፈሩን ነከሰና ከቦርሳው የራሱን ጠርሙስ አወጣ።

የበላችው ያቅራታል፣ በላይ በላዩ ያጎርሳታል ማለት ይቺ መኪና ናት። ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ጠርሙስ፣ በየቅዳሜው። ትርፉ ዘይት ባረጁት መጋጠሚያዎች በኩል ሦስት ቀን ሙሉ ሲገፋ ይከርምና፣ ረቡዕ ልኩ ላይ ሲደርስ ያርፋል። ጆሮ በአርባ ዓመት ሥራው ሰው ዘይት ረስቶ ሞተር ሲያቃጥል አይቷል፤ ተሳስቦ ሲያፈስስ ግን ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

ከበርሜሉ ጀርባ ወጥቶ ታናሹን ያዘው። ምንም ሳያብራራ መኪናዋን ወደ ሜዳው ወለል እንዲገፋ አዘዘው፤ ተጋግዘው አወረዷት፣ ትንሽ ጠበቁ፣ ዘንጉን መዘዙ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት አልፏል። ታናሹ በእጁ የያዘውን ጠርሙስ አየ፣ ዘንጉን አየ። ጆሮ ታላቁም እንደሚሞላ ነገረው። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሳብ ገባው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አለ ለራሱ ያህል ዝግ ብሎ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እሱ ደርቃ የሚመልሳት መስሎኝ።

ይህ ሦስቱም ባሉበት መነገር ያለበት ነገር ነው ብሎ ጆሮ ስልኩን አወጣ። እጁ ዘይት ነክቶታልና ቸኮለ። ለታላቁ ደውሎ «አሁኑኑ እናትህ ቤት ና፣ ስትመጣ ታየዋለህ» አለና ዘጋው። ክፋት አልነበረበትም፤ አጉል ጥድፊያ ብቻ ነው።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። በሩ በትከሻ ተገፍቶ ተከፈተና አናጢው ገባ። ሮጦ ነው የመጣው፤ ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ፣ ከንፈሩ ነጥቷል። ዓይኑ ግቢውን ዞረ፤ እናቱን የቤቱ ደፍ ላይ ቆመው ሲያያቸው ግድግዳውን ተደገፈ። ጆሮ ዘይቱን ጠቁሞ ሊያስረዳው ጀመረ። አናጢው አልሰማውም።

«ጋሼ፣ ሰው እንዲህ አይጠራም» አለ። ድምፁ ከፍ አላለም። «መጥፎም ቢሆን ነገሩን ይንገሩኝ። ያን ቀንም እንዲሁ ነው የተጠራሁት። 'መኪናዋን አምጣ'፣ በቃ። ለገበያ መሰለኝ። ነዳጅ ልሞላ ተሰለፍኩ። አባቴ ጎዶሎ መኪና አይወድማ። አርባ ደቂቃ ተሰልፌ፣ ሞልቼ፣ መስታወቷን ወልውዬ ነው ያመጣኋት።»

ጆሮ ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቆ መግቢያ ቢያገኝ ይገባ ነበር።

«ማን ነው የደወለልህ?» አለ ታናሹ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ለወንድሙ የተናገራት የመጀመሪያዋ ቃል ይህች ናት።

ታላቁ መሬት መሬት አየ። «ተወው» አለ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ተወው ብሎ ኖሯል። በዚያ ለቅሶ ቤት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አንዲት ስም ጠርቶ ራሱን ነፃ ሊያወጣ ይችል ነበር፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው። ታናሹም ለቅሶ ላይ የተናገራትን ቃል የለካት ትኩስ ሞተር ላይ ነበር፤ ትኩስ የተለካ ነገር ሁሉ ጎዶሎ ይመስላል፣ ሲበርድ ተመልሶ ያየው ግን አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አሉ እናትየው ከደፉ ላይ። ማጥለያው ገና እጃቸው ላይ ነው። «እኔ ነኝ የደወልኩት። አባትህ ወድቋል ብለው መንገድ ላይ ይደነግጣል፣ ይጋጭብኛል ብዬ ፈራሁ። መኪናዋን አምጣ ብቻ አልኩት። አሁን ይደርሳል፣ አሁን ይደርሳል እያልኩ ታክሲም ሳልፈልግ ቆየሁ። ከዚያ ወዲያማ... ወንድምህን ስትናገረው አፌን ልከፍት አልኩ፣ አልከፈት አለኝ። ሲውል ሲያድር ደግሞ የበለጠ ከበደ።»

ከዚያ ደፉ ላይ ተቀመጡ። ታላቁ ሄዶ አጠገባቸው ቁጭ አለ፤ አላቀፋቸውም፣ ብናኝ የሞላውን እጁን ጉልበታቸው ላይ አሳረፈ። ታናሹ ባለበት ቆመ። ፊቱ ላይ ቁጣ ይሁን እፍረት የተፈራረቀው ለመለየት ያስቸግር ነበር፤ ሁለቱም ነበሩበት ማለት ይቀላል።

መካኒክ ሲጨንቀው መኪና ሥር ይገባል። ጆሮ ድስት የሚያህል ሳህን ይዞ ተንጋለለና የማፍሰሻውን ቡሎን አላላ፤ ትርፉ ዘይት ወርቃማ ሆኖ፣ ምንም ያላረጀ፣ ሞልቶ ወረደ። ቡሎኑን አጥብቆ ሲያበቃ መውጣት ይችል ነበር፣ አልወጣም። ከዚያ ሆኖ የሚያየው ሦስት ጥንድ ጫማ ነው። የታናሹ ጥቁር ጫማ ቀስ እያለ ወደ ደፉ ሄደ፣ ቆመ።

«ሙሉ ነበረች?» ሲል ሰማው።

«ሙሉ» አለ ታላቁ።

ጥቁሩ ጫማ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«እኔም ብሆን እሞላ ነበር» አለ ታናሹ።

ጆሮ ከመኪናዋ ሥር ተንጋሎ የጠበቀውን ቡሎን እንደገና አጠበቀው፣ ከዚያም እንደገና። ዓይኑ ውስጥ ዘይት ገብቶበት ነው ብሎ ለራሱ ነገረው፤ ዘይት ግን አልገባም። በዕድሜው ብዙ ሞተር አዳምጧል፣ እንዲህ ያለ ነገር በጆሮው ገብቶ አያውቅም።

ሲወጣ የባለሙያ ፊቱን መልሶ አጥልቆ ነበር። ምንም የሚቀየር ዕቃ እንደሌላት፣ መኪናዋ ከሦስቱም ይልቅ ጤነኛ እንደሆነች ነገራቸው። ከእንግዲህ የሚሞላ አንድ ሰው ነው፣ የሚለካውም በዚህ ሜዳ ላይ ነው፣ ሞተሩ ጠፍቶ አሥር ደቂቃ ካረፈ በኋላ ብቻ። መላሹም ተረካቢውም አብረው ቆመው ያንብቡት፣ አንድ ዓይን ይሳሳታል አለ። እውነቱን ለመናገር ዘንግ ለማንበብ አንድ ዓይን ይበቃል፤ ጆሮ ይህን ያውቃል፣ ፋርማሲስቱም ሳይገባው አልቀረም፣ ግን የተከራከረ የለም። እናትየው የዘይት ጠርሙሳቸውን አምጥተው ሳይጠየቁ ለጆሮ አስረከቡት፣ ማጥለያውን ግን የወጥ ቤቴ ነው ብለው አስቀሩት። ስለ ገዢውም ከዚያ በኋላ ያነሣ አልነበረም፤ ማክሰኞ መጣ፣ ሄደ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጆሮ ጋራዡ ውስጥ ፍሬን እየሠራ ሳለ ስልኩ ጮኸ። እናትየው ናቸው።

«ማንም ምንም አልሆነም፣ ቀድሜ ልንገርህ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሥር ደቂቃው ካለቀ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው። ዘንጉንም አልመዘዙም። ኮፈኗን ከፍተው፣ ሁለት ወንበር አውጥተው፣ ቁጭ ብለው ያወራሉ። ልጥራቸው ወይስ ልተዋቸው?»

ጆሮ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ይተዉዋቸው እትዬ» አለ። «ሞተሩ ገና አልበረደም ይሆናል።»